በወሎ ያለንን ታዳሽ ኃይል ማወቅና ማስተዳደር፦ የትኛው ምንጭ ለየትኛው ሥራ?

የደላንታ መምህር (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ በደላንታ ወረዳ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት አንድ ቀበሌ የማስተምር መምህር ነኝ። በቀበሌያችን የወላጆች ኮሚቴ፣ የጤና ኬላው ሠራተኞችና የቅሬው (የእድሩ) ሽማግሌዎች ተሰብስበው ስለ ኃይል አቅርቦት መምከር ጀምረዋል። ለምክሩ መነሻ የሆነው አንድ የሶላር ነጋዴ መብራቱንም፣ እንጀራ መጋገሪያውንም፣ ወፍጮውንም በአንድ ጊዜ አሟላላችኋለሁ ብሎ ያቀረበው ሐሳብ ነው። ዋጋው ከአቅማችን በላይ መሆኑ ሳያንስ በስብሰባው ላይ ያስተዋልኩት ነገር አሳስቦኛል፤ ሁላችንም የተነጋገርነው ስለ ዕቃው ነበር እንጂ ያለን ኃይል ምን ያህል እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ሥራስ እንደሚጠብቀው አንድም ሰው አላነሣም።

ያለንን ልግለጽ። ከመስከረም እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ከገደሉ አፋፍ የሚነሣው ነፋስ ኮፍያ ያስጥላል። ከትምህርት ቤቱ በታች በበጋም የማይደርቅ ምንጭ አለ። ማገዶን በተመለከተ ግን በየጓሮው ካለው ባሕር ዛፍ በስተቀር ዛፍ የለም ማለት ይቻላል፤ የዓመቱ ማገዶ በየቤቱ ደጃፍ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ የተከመረው ኩበት ነው። ሴት ተማሪዎቼ ኩበት ሲለቅሙ ቆይተው የሚያረፍዱበት ቀን ጥቂት አይደለም።

አንድ ማኅበረሰብ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ያለውን የፀሐይ፣ የነፋስ፣ የውሃና የማገዶ ሀብት በምን መንገድ መዝኖ ሊያውቅ ይችላል? ካወቀስ በኋላ ሀብቱ ሳይጎዳ እንዲቆይ እንዴት ይያዝ? በሙያው ያላችሁም፣ በኑሮ ያያችሁም አስተያየታችሁን ብታካፍሉን ባለውለታችሁ ነን።


ቦርከና (ኮምቦልቻ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ)

መምህር፣ ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ሊጠይቃችሁ ይገባ የነበረው ነጋዴው ነበር። እስኪ ሥራውን ከኃይሉ ጋር እናስተያየው።

በእኛ አካባቢ አንድ ባለ 100 ዋት ፓኔል፣ በሽቦ፣ በባትሪና በሙቀት የሚባክነው ተቀንሶ፣ በጥሩ የበጋ ቀን ከ350 እስከ 400 ዋት-ሰዓት (አንድ ዋት-ሰዓት ማለት አንድ ዋት የሚስብ ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ኃይል ነው) ያህል ይሰጣል። ለመብራት ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ አራት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ የሚወስዱት 100 ዋት-ሰዓት ብቻ ስለሆነ ስልኩም ሬዲዮውም ተጨምሮበት ይተርፋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። አንዲት እናት የቤተሰቧን እንጀራ ጋግራ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅባት ፍጆታው ከ5 ኪሎ ዋት-ሰዓት ይበልጣል፤ ያ ፓኔል ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚሰበስበውን በአንድ ጋገራ ትጨርሰዋለች ማለት ነው። የእህል ወፍጮ ሞተርም ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 15 ኪሎ ዋት ስለሆነ በቤት ሶላር የሚታሰብ አይደለም። በፀሐይ ኃይል መጋገርም መፍጨትም አይቻልም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ ብዙ ፓኔልና ጠንካራ ኢንቨርተር (የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ወደ ተራው የቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ያለው የጋራ ጣቢያ ካለ ይቻላል። ነገር ግን ዋጋው ከመብራቱ ጋር በአንድ ጥቅል ተጠቅልሎ ሲቀርብላችሁ እጥፍ ድርብ መክፈላችሁን አታዩትም።

ሁለተኛው ነገር ወቅቱ ነው። ነጋዴ ሁሉ ስሌቱን የሚሠራው በጥር ፀሐይ ነው፤ እናንተ ግን የሐምሌንና የነሐሴን ደመና ይዛችሁ አስሉ። በእነዚያ ወራት የሚበቃ ሲስተም በበጋ ይተርፋል፤ በጥር ልክ የተሠራው ግን ክረምት ሲገባ ባትሪውን በየቀኑ ባዶ እያደረገ ይገድለዋል። ተራው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች በተደጋጋሚ ከተራቆተ ዕድሜው በጣም ያጥራል። ሊቲየም የተሻለ ይችላል፤ ሆኖም ለእናንተ ደጋ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ኃይል ከተሞላበት ይጎዳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚወርድበት አገር ስለሆነ ባትሪው ውጭ በቆርቆሮ ሳጥን ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ ከመሬቱ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። በሌላ በኩል ብርዱ ለፓኔሉ ይስማማዋል፤ ፓኔል ሲሞቅ ኃይሉ ስለሚቀንስ ያው ፓኔል ከሞቃታማው ቆቦ ይልቅ ደላንታ ላይ ደህና ይሠራል።

አቀማመጡን በተመለከተ ደላንታ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነ ፓኔሉ ወደ ደቡብ ዞሮ 15 ዲግሪ ያህል ቢዘነብል ይበቃዋል። በሰኔ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ትንሽ ታልፋለች፤ ለዚያ ብላችሁ ግን አትጨነቁ። ከዚህ የበለጠ ጠፍጣፋ ካደረጋችሁት አቧራው በዝናብ አይታጠብላችሁም።


የአርዲቦ ልጅ (ተሁለደሬ)

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። የወንድሜ የቦርከና ስሌት ትክክል ነው፤ ሆኖም ስለ ኃይል ሲወራ ሁልጊዜ ወሬው ከጣሪያው ላይ ይጀምራል። በገጠር ቤት ከሚጠፋው ኃይል አብዛኛው የሚጠፋው ምድጃው ሥር ነው፤ ከዚያም ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠውን የሚበላው የእንጀራ ጋገራ ነው። ስለዚህ የኃይል አያያዝ ብሎ ነገር ከጓዳ ካልተጀመረ ከላይ የሚሰቀለው ሁሉ ጌጥ ነው።

በጉልቻ ላይ ሲጋገር እሳቱ በሦስት በኩል ያመልጣል፤ ነፋስ ከመጣማ ምጣዱ ግማሹ ይጋልና ግማሹ አይሰማም፤ እንጀራውም ዐይን ሳያወጣ ይቀራል። ምርት የሚባለው ምድጃ በሲሚንቶና በአሸዋ ወይም በቀይ ድንጋይ ጠጠር በቅርጽ የሚሠራ ነው፤ አራቱ ክፍሎች ምጣዱን ዙሪያውን ይሸፍኑታል፣ ከኋላ ደግሞ የድስት ማስቀመጫ አለው፤ በሚያመልጠው ትኩሳት ወጡ ይሠራበታል። በአግባቡ ከተተከለ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። «በአግባቡ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ቤት ሄጄ ያየሁት ምጣዱ ከምድጃው አፍ ጋር ሳይገጥም ክፍተቱ በጭቃ ሳይመረግ ነው፤ ጢሱ በዚያ በኩል እየወጣ ሴቲቱ «ይሄም እንደ ጉልቻው ነው» ብላ ትተወዋለች። ምጣዱን ገዝቶ ምድጃውን ከማሠራት ይልቅ ምጣዱን ተሸክሞ ሄዶ በልኩ ማሠራት ይሻላል። አክምባሎውም ይፈተሽ፤ የተሰነጠቀ አክምባሎ እንፋሎቱን ስለሚለቅ እያንዳንዱ እንጀራ ይዘገያል፣ ማገዶውም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ማገዶው ራሱ ደግሞ ይድረቅ። ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሲነድ የእሳቱ ጉልበት በውስጡ ያለውን ውሃ በማፍላት ያልቃል። ለክረምት የሚሆነው እንጨት በታኅሣሥ ተፈልጦ ከጣሪያ ሥር ቢቆለል ብዙ ሸክም ይቀንሳል።

መምህር፣ ሶላሩን ከመግዛታችሁ በፊት ለስንት ቤት ምርት ምድጃ ሊሠራ እንደሚችል በዚያው ገንዘብ አስሉት።


የሐይቁ ግንበኛ (ሐይቅ፣ የባዮጋዝ ሥራ)

ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ገደማ ከተጀመረ ወዲህ በአማራ ክልል ብዙ ማብላያዎች (እበት ከውሃ ጋር ታምቆ ጋዝ የሚሰጥባቸው ጉድጓዶች) ተገንብተዋል፤ እኔም በዚህ ሥራ እተዳደራለሁ። ስለዚህ ባዮጋዝን ማሞገስ ይጠበቅብኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ለደላንታ በጥንቃቄ እናገራለሁ።

ባለ 6 ሜትር ኩብ ማብላያ በየቀኑ 45 ኪሎ ያህል እበትና ያንኑ ያህል ውሃ ይፈልጋል። ሌሊት በረት የሚያድር አንድ የአገር ከብት የሚሰጠው ከ8 እስከ 10 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ አምስት ወይም ስድስት ከብት ያስፈልጋል። ከአንድ ኪሎ እርጥብ እበት የሚገኘው ጋዝ ከ35 እስከ 40 ሊትር ስለሆነ የቀኑ ምርት አንድ ሜትር ኩብ ተኩል ይሆናል፤ በአንድ ምድጃ ለአራት ሰዓት ያህል ቡና፣ ሻይና ወጥ ይሠራበታል። እንጀራን ግን በተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ መጋገር አይቻልም፤ የእንጀራ ምጣድ በስፋቱ ሁሉ እኩልና ብርቱ ሙቀት ስለሚፈልግ ጋዙን ቶሎ ይጨርሰዋል። ለዚህ የተሠሩ ምጣዶች ቢኖሩም በሰፊው አልተለመዱም። ባዮጋዝ ያስገባ ሰው «ምድጃዬ ተፈታ» ብሎ ይደሰትና ለእንጀራው ያው ማገዶ ፍለጋ ይወጣል።

ከሁሉም የሚከብደው ብርዱ ነው። በማብላያው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይበረታሉ፤ ከ15 በታች ሲወርድ ሥራቸው እጅግ ይቀዘቅዛል። በባቲ፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የምሠራው ማብላያ የሚሰጠውን ጋዝ በደላንታ ደጋ ላይ ጠብቁ ብዬ ቃል አልገባም። በደጋ መሥራት ግድ ከሆነ ማብላያው ፀሐይ በሚመታው በኩል ይቆፈር፣ ላዩ በአፈርና በገለባ ይሸፈን፣ ለመበጥበጫ የሚሆነው ውሃም ቀን በፀሐይ የዋለ ይሁን።

ከጋዙ ይልቅ ገበሬው በኋላ የሚወደው ዝቃጩን ነው። ከማብላያው የሚወጣው ዝቃጭ ማዳበሪያነቱን እንደያዘ ስለሚወጣ ለጓሮ ጎመንና ለድንች ወደር የለውም።


የደላንታ መምህር

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። የሐይቁ ግንበኛ በግልጽ ስለነገሩን በተለይ አመሰግናለሁ፤ በእኛ ቀበሌ አምስት ከብት ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ውሃውም የሚመጣው በአህያና በልጆች ጀርባ ነው። የዝቃጩ ነገር ግን ሌላ ጥያቄ አስነሣብኝ። ኩበቱን ስናነደው ከማሳው ላይ የምንወስደው ምንድን ነው? አመዱንስ መልሰን ማሳው ላይ ብንበትነው አይካካስም?


ወረኢሉ ግብርና

መምህር፣ አመዱ የሚመልሰው ጥቂቱን ነው። ኩበት ሲነድ ፖታሽየሙና ፎስፈረሱ በአብዛኛው በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ ናይትሮጂኑና አፈሩን የሚያለሰልሰው፣ ውሃ የሚያስይዘው ብስባሽ ግን ከጢሱ ጋር ይሄዳል። በደረቅ ኩበት ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ከመቶ አንድ ተኩል እስከ ሁለት ያህል ስለሆነ መቶ ኪሎ ኩበት ያነደደ ቤት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዩሪያ ያለውን ናይትሮጂን በምድጃ ሰደደ ማለት ነው። ያው ገበሬ በሰኔ ዩሪያ ለመግዛት ወረፋ ይይዛል፤ እሱ ራሱ ያነደደውን መልሶ በብር እየገዛ መሆኑን ግን ማንም ነግሮት አያውቅም።

ሆኖም ገበሬውን «ኩበት አታንድድ» ማለት ትርጉም የለውም። ኩበት የሚነደው እንጨት ስለሌለ ነው፤ እንጨት ከተገኘ ኩበቱ በራሱ ጊዜ ወደ ማሳ ይመለሳል። ታዳሽ የሚባል ኃይል ሁሉ ታዳሽ የሚሆነው በሚተካበት ፍጥነት ልክ ሲወሰድ ብቻ እንደሆነ ኮሚቴው በዚህ ላይ ይያዝ። ፀሐይን ብትወስዱባት አትቀንስም፤ ዛፉ፣ እበቱና የከርሰ ምድር ውሃው ግን ይቀንሳሉ፤ በወሎ ደጋ ያለቀው ታዳሹ ነው።

ስለ ባሕር ዛፍ ብዙ ክርክር አለ፤ እኔ በሁለት ቦታ አልደግፈውም፤ ምንጭ ዳርና የእርሻ ድንበር ላይ። ለሌላ ሰብል በማይሆን ተዳፋት ላይ ግን በአግባቡ ቢያዝ ማገዶ በቶሎ የሚሰጥ እንደ እሱ ያለ የለም፤ ከተቆረጠ በኋላም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ቀበሌው አንድ የጋራ ተዳፋት ከልሎ ቦታውን በአምስት ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን ብቻ ቢቆርጥ፣ አምስተኛው ሲቆረጥ የመጀመሪያው ለመቁረጥ ይደርሳል። በደጋው ብርድ እድገቱ ይዘገያልና ሰባት ብታደርጉት የተሻለ ነው። የሚቆረጠው በመጥረቢያ ተሰባብሮ ሳይሆን በመጋዝ ዘንበል ተደርጎ ይሁን፤ ጉቶው ላይ ውሃ ከቆመበት ይበሰብሳል። የአገር ዛፎችም ይጨመሩ፤ ኮሶና ጽድ ለማገዶ ፈጥነው ባይደርሱም አፈሩን ይይዛሉ።

የተከለለ ቦታ የሚጠበቀው ጥቅሙን የሚካፈለው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ከተጻፈ ነው። ከብት ላሰረው ሣር አጭዶ መውሰድ ተፈቅዶለት ከብት ማስገባት ብቻ የተከለከለበት ቦታ ሲያገግም አይቻለሁ፤ ሁሉም ነገር የተከለከለበት ቦታ ግን ሌሊት በሸክም ያልቃል።


ደሴ ፒያሳ

እኔ እንኳ የዚህ ሁሉ ድካም ጥቅሙ አይታየኝም። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይህን ያህል ኃይል ያላት አገር በኩበትና በምድጃ ላይ እንዴት ትከራከራለች? መስመሩ እስኪደርስ መታገሥ አይሻልም?


ቦርከና

አብሽር ወንድሜ፣ ግድቡ ሁላችንንም ያኮራል፤ የማመንጨት አቅምና መንደር የሚደርስ መስመር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከግድቡ እስከ ማከፋፈያ ጣቢያ ያለው ከፍተኛ መስመር፣ ከጣቢያው እስከ ወረዳ ከተማ ያለው መካከለኛ መስመር፣ ትራንስፎርመሩ፣ ምሰሶው፣ ቆጣሪው፣ ሁሉም የየራሱ ወጪና ዓመታት አሉት። መንግሥት ራሱ በ2011 ዓ.ም. ባወጣው የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ከቤተሰቦች ውስጥ 35 ከመቶ ለሚሆኑት በመጀመሪያ ኃይል የሚደርሳቸው ከዋናው መስመር ውጭ በሶላርና በመሳሰሉት እንዲሆን ያቀደው ለዚህ ነው።

መስመሩ የደረሰበትም ቢሆን አንድ ክር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ላሊበላና አካባቢዋ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መብራት መክረማቸውን እዚህ ያለን ሁሉ እናስታውሳለን። በየጣሪያው የነበረች ትንሽ ፓኔል ያን ጊዜ የምትሰጠው አገልግሎት በዋት አይለካም። ስለዚህ ሶላሩ መስመሩን የሚተካ ሳይሆን መስመሩ እስኪመጣ የሚያደርስ፣ ከመጣም በኋላ የሚደግፍ ነው። ይልቁንም እንጀራውን ለመስመሩ መተው ነው ጥበቡ፤ ያ 3,500 ዋት በውሃ ኃይል ሲመጣ ሌላ ነገር ነው።


ዳገቱ (ጉጉፍቱ)

ስለ ነፋስ ማንም ስላልተነፈሰ እኔ ልናገር፤ የምኖረው ነፋስ ከሰው በላይ በሚኖርበት አገር ነው።

«ኮፍያ ያስጥላል» ማለት ልኬት አይደለም። የነፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ አያድግም፤ በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ነው የሚያድገው። በሰከንድ 4 ሜትር የሚነፍሰው 5 ሜትር ሲሆን የሚሰጠው ኃይል ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ወደ 3 ሜትር ቢወርድ ደግሞ ከግማሽ በታች ይሆናል። ስለዚህ በፍጥነቱ ላይ የሚደረግ ትንሽ የግምት ስሕተት በገንዘቡ ላይ ትልቅ ኪሳራ ነው። ከዚህም ሌላ በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ በፋብሪካው ወረቀት ላይ የተጻፈው ኃይል በእኛ ዳገት ላይ አይገኝም። የገደል አፋፍ ነፋስ ደግሞ ይዞራል፣ ይገለበጣል፤ ትንንሽ ተርባይኖችን (በነፋስ እየዞሩ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩትን) የሚሰብረው ይህ መገለባበጥ ነው።

የነፋስ መለኪያ ከዛፍና ከቤት ከፍ ባለ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት መመዝገብ አለበት፤ የክረምቱና የበጋው ነፋስ አንድ አይደለምና። ለአንድ ቀበሌ ይህ ድካም የሚክስ አይመስለኝም። ነፋስ በትልቁ ሲሠራ ነው የሚያምርበት፤ መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት፣ የአዳማ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ናቸው። እነዚህ የሚጠቅሙበት አንዱ ምክንያት በጋ ላይ፣ ግድቦች ውሃ በሚቆጥቡበት ሰዓት ነፋሱ የሚበረታ መሆኑ ነው፤ ይህ ግን የአገር ሥራ እንጂ የቅሬ ሥራ አይደለም። ለደላንታው ኮሚቴ ነፋሱን ለጊዜው እህል ማዝሪያ ተዉለት።


የቆቦ መስኖ (ራያ ቆቦ)

የወረኢሉ ወንድማችን «የከርሰ ምድር ውሃው ይቀንሳል» ያሉት እኔ በየቀኑ የማየው ስለሆነ በዝርዝር ልጻፍ። በቆቦና በጊራና ሸለቆ በጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እያወጣን እናለማለን፤ በዚህ ሥራ ላይ የፀሐይ ፓምፕ ሲገባ ሁላችንም ተደስተናል፣ የሚያስደስትም ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከ50 ሜትር ጥልቀት ለማውጣት ፓምፑና ሞተሩ የሚያባክኑት ተጨምሮ 0.27 ኪሎ ዋት-ሰዓት ያህል ይፈጃል። ባለ 2 ኪሎ ዋት የፓኔል ድርድር በበጋ ቀን 8 ኪሎ ዋት-ሰዓት ቢሰጥ 30 ሜትር ኩብ ውሃ ይወጣል። ሰብል በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢጠጣ ለአንድ ሄክታር 50 ሜትር ኩብ ስለሚያስፈልግ ይህ ፓምፕ ከግማሽ ሄክታር ትንሽ ለሚበልጥ ማሳ ይበቃል። ባትሪም አያስፈልግም፤ ቀን የወጣውን ውሃ ከፍ ባለ ታንከር ማጠራቀም ከባትሪ ይረክሳል፣ ከባትሪም ይቆያል።

አሁን ወደ ችግሩ። በናፍጣ ፓምፕ ጊዜ ገበሬው ሞተሩን የሚያጠፋው ነዳጁ ስለሚያልቅበት ነበር፤ ሳያውቀው ኪሱ ውሃውን ይጠብቅለት ነበር። በፀሐይ ፓምፕ ግን ከተተከለ በኋላ አንድ ተጨማሪ ሜትር ኩብ ምንም አያስወጣውም፤ ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ያለማቋረጥ ይስባል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ የጉድጓዱ ውሃ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየራቀ ሲሄድ ማንም አያስተውለውም፤ በአንድ የድርቅ ዓመት ፓምፑ አየር መሳብ ሲጀምር ግን ሁሉም በአንድ ቀን ይነቃል። ፀሐዩ ታዳሽ ነው፣ ውሃው ግን የሚታደሰው በዝናቡ ልክ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቱቦ ሲገናኙ ደካማው ነው ልኩን የሚወስነው።

መድኃኒቱ ዕቃ አይደለም። በየጉድጓዱ የውሃ ቆጣሪ ይኑር፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምቱ ማግሥት በጥቅምትና ከክረምቱ በፊት በግንቦት፣ ፓምፑ ቆሞ ካደረ በኋላ የውሃው ጥልቀት ጫፉ ክብደት በታሰረበት ምልክት ባለው ገመድ ተለክቶ ይመዝገብ። የጥቅምቱ ልኬት ካለፈው ዓመት ጥቅምት ከራቀ፣ የቀጣዩ በጋ የመሳቢያ ሰዓት ይቀንስ። ይህን የሚወስነው የውሃ አባቱ ነው፤ ወንዝ ሲጠለፍ ተራ የሚያስይዝ የውሃ አባት ካለን፣ ለጉድጓድ የማይኖርበት ምክንያት የለም።


የመርሳ ወፍጮ

መምህር፣ ምንጭ አለን ብለው በአንድ መስመር አለፉት፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያጓጓው እሱ ነው። አባቶቻችን በውሃ ወፍጮ ሲፈጩ የኖሩበት አገር ስለሆነ ነገሩ አዲስ አይደለም።

የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ በሰከንድ ስንት ሊትር ይፈስሳል፣ ከስንት ሜትር ከፍታ ይወርዳል። ውሃውን በአንድ ቱቦ ሰብስባችሁ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሥር አስቀምጡና ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ቁጠሩ፤ በ2 ሰከንድ ከሞላ 10 ሊትር በሰከንድ ነው። ከፍታውን ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ እንደ ግንበኛ ደረጃ በደረጃ ለኩት። በሰከንድ 20 ሊትር ከ30 ሜትር ቢወርድ፣ በተርባይኑና በጄኔሬተሩ የሚጠፋው ተቀንሶ 3 ኪሎ ዋት ያህል ይሰጣል፤ ያውም ሌትና ቀን፤ በቀን ከ70 ኪሎ ዋት-ሰዓት በላይ ማለት ነው። 10 ሊትር ከሆነ ግማሹን አስቡ። ውሃው በቀጥታ ድንጋይ እንዲያዞር ከተደረገ ደግሞ ኤሌክትሪኩም ሳያስፈልግ መካከለኛ ወፍጮ ይንቀሳቀሳል።

ልኬቱ በሚያዝያ፣ ውሃው በሚያንስበት ጊዜ ይሁን። በመስከረም የተለካ ምንጭ ሁሉንም ያሞኛል። ከታች በመስኖ የሚጠቀም ሰው ካለም ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይቀመጥ፤ ተርባይን ውሃ አይበላም፣ ውሃውን ግን ከጠለፋው እስከ ተርባይኑ ድረስ ከጅረቱ ያወጣዋል፤ በመካከል ያለው ማሳ ደረቅ ይቀራል፤ ጠቡም ከዚያ ይነሣል።


የአርዲቦ ልጅ

አንድ ነገር ልጨምርና ልውጣ። ስለ ገንዘቡ ማን እንደሚይዝ አልተነሣም። በአንድ መንደር ለትምህርት ቤትና ለመስጊድ የተሰጠ ጥሩ የሶላር ዕቃ፣ ባትሪው በሞተ ማግሥት ፓኔሉ ተነቅሎ የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆኖ አይቻለሁ። ማንም ክፉ አልነበረም፤ ባትሪ የሚገዛበት ገንዘብ ማንም ጋ ስላልነበረ ብቻ ነው። ቅሬያችን ለሞት በየወሩ እንደሚያዋጣው ሁሉ፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ሁሉ ጥቂት ብር ከፍሎ ለባትሪ መቀየሪያ በተለየ ደብተር ይቀመጥ። ገንዘብ ያዧም ሴት ትሁን ብል አትቆጡኝ።

ቦርከናም የሐሰተኛ ፓኔል ነገር ብትነግራቸው ደስ ይለኛል፤ ገበያው ሞልቷል።


ቦርከና

እውነትሽን ነው እህቴ። ከጀርባው «100 ዋት» የተጻፈበት ሁሉ 100 ዋት አይደለም። ጥርት ባለ ቀን በቀትር ፓኔሉን ፊት ለፊት ወደ ፀሐይ አዙራችሁ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለኩት፤ እውነተኛው ባለ 12 ቮልቱ 100 ዋት ፓኔል ምንም ሳይገናኝበት ከ20 እስከ 22 ቮልት፣ ሁለቱ ጫፎች በአምፔር መለኪያው ሲገናኙ ደግሞ 5 ተኩል አምፔር ገደማ ያሳያል። 3 አምፔር ካሳየ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። መልቲሜትሩ 10 አምፔር የሚችል መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ለጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣ ካሰባችሁ ባትሪ የማይፈልገውን ዓይነት ጠይቁ፤ ቀን በፀሐይ ኃይል በውስጡ በረዶ ይሠራና ሌሊት በዚያ በረዶ ቅዝቃዜውን ይጠብቃል። እሱን ከትምህርት ቤቱ መብራት ጋር በአንድ መስመር አታገናኙት፤ አንድ ሰው ስልኩን ሲሰካ ክትባት ሊበላሽ አይገባም።


የደላንታ መምህር

የጻፋችሁትን አትሜ በኮሚቴው ፊት አነበብኩት፤ ውይይቱ ግማሽ ቀን ፈጀ። የነጋዴው ጥቅል ውድቅ ሆኗል። በመጀመሪያው ዓመት ለትምህርት ቤቱና ለጤና ኬላው ብቻ ለየራሳቸው መጠነኛ ሶላር፣ ከዚያው ገንዘብ በሚተርፈው ደግሞ ለምርት ምድጃ የሚሆን የቅርጽ ዕቃና ሁለት ሴቶች የሚሠለጥኑበት ሥልጠና እንዲሆን ተስማምተናል። ተዳፋቱን በሰባት የመክፈሉ ነገር ግን አከራክሯል፤ ሽማግሌዎቹ «የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ምን እናነዳለን?» ብለው ጠይቀው መልስ አላገኘሁላቸውም። ወረኢሉ ግብርና ቢያግዙኝ እወዳለሁ።

የመርሳ ወፍጮ፣ ምንጩን በሚያዝያ ለኩ ያሉት ለእኛ አይሆንም፤ ደላንታ የበልግ አገር ነው፣ በልጉ ከሰመረ በሚያዝያ ምንጩ ይጎለብታል።


ወረኢሉ ግብርና

ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ተዳፋቱ እስኪደርስ ድረስ የጓሮው ባሕር ዛፍ አለ፤ ምርት ምድጃው የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ከቀነሰው እዚያ ያለው ዛፍ የሚያቆየው ጊዜ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ምድጃው ከችግኙ ይቅደም፤ ምድጃው ሳይገባ ቦታ ብትከልሉ ክልሉ ይፈርሳል። በመጀመሪያው ክረምትም ሰባቱን ሁሉ ከምትተክሉ ሁለቱን ብቻ ትከሉና ቀሪው ለሣር አጨዳ ይሁን፤ ሣሩ ከብት ላለው ወዲያው ጥቅም ስለሚሰጥ ጠባቂው ይበዛል።


የመርሳ ወፍጮ

ስለ በልጉ እውነትዎን ነው መምህር፤ እኛ ቆላማዎቹ በራሳችን ወቅት እንናገራለን። እንግዲያው ሁለት ጊዜ ለኩ፤ አንዱ በጥር መጨረሻ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር፣ ሌላው በሰኔ መጀመሪያ፣ ክረምቱ ሳይገባ። ከሁለቱ ያነሰውን ቁጥር ይዛችሁ አስሉ። በልጉ ያልዘነበ ዓመት ከሆነ ደግሞ የሰኔውን ልኬት በምንም አትለፉት፤ የቱቦውን ስፋትም፣ የወፍጮውን ድንጋይም የሚወስነው እሱ ነው። ጀሪካኑ ከ20 ሰከንድ በላይ የሚፈጅ ከሆነ ተርባይኑን ተዉት፤ ውሃውን በትንሽ የፀሐይ ፓምፕ ወደ ትምህርት ቤቱ ለማውጣት አስቡ፤ ልጆቹ ከጀርባቸው ሸክም ያርፋሉ።